ከፊታችን የተቀመጠው ሰው

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በባለሱቅ አባላት ስም የቀረበ ንግግር



ማኅበር በሰው አገር ለኢዮቤልዩ መብቃቱ ቀላል ነገር አይደለም። እንደኛ ለተበተነ ማኅበር ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ አንዳንዶቻችን በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተናል፤ አንዳንዶቻችን ወደ ገዳሪፍና ወደ ፖርት ሱዳን፣ ሌሎቻችን ወደ ካይሮ ተሻግረናል፤ ከከተማው ያልወጡም አሉ። ይህ መጽሔት ለሁሉም እንዲደርስ ስለታሰበ፣ ንግግራችንንም የምናቀርበው እዚህ ላላችሁትም ለሌላችሁትም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በባለሱቆች ስም ጥቂት ቃል እንድንናገር ሲጋብዘን፣ ስለ ንግድ እንናገራለን ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ግን ስለ ጨዋታ መናገር መረጥን። ምክንያቱም ባለሱቅ ከሚዛኑ ኋላ ቆሞ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይሰማል። እናቶች ስኳርና ዘይት ሊገዙ መጥተው «ይህ ልጅ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አያነሣም፣ ምን ባደርገው ይሻለኛል?» ይሉናል። ልጆቹ ደግሞ «እገሌ እኮ በጌም ሚሊየነር ሆነ» ይሉናል። በዚህ መሐል እኛንም ራሳችንን ያስደነገጠ አንድ ወሬ ደረሰን። ዛሬ የምንናገረው ከዚያ ወሬ የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ካርቱም የመጣን ብዙዎቻችን በዴም ሰፈር ነበር የተቀመጥነው። ቀን ሥራ ፍለጋ፣ ማታ ዳማ ነበር ኑሯችን። ገበታው የሳሙና ካርቶን ነው፤ ጠጠሩ የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ ቆርኪ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ተገልብጦ ይደረደራል። መብራት ሲጠፋ በፋኖስ እንቀጥላለን። ገበጣ ስንጫወት ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን «ይህማ የእኛም ነው» እያሉ አጠገባችን ይቀመጡ ነበር፤ እነሱም በአሸዋ ላይ የሚጫወቱትን ሲጃ አስተማሩን። ገንዘብ ባይኖረንም ተጋጣሚ አጥተን አናውቅም።

ከመካከላችን አንድ ወጣት ነበር። ስሙን እዚህ አንጠራም፤ ገና ፈቃዱን አልጠየቅነውምና። ከሁላችን የሚበልጥ ተጫዋች አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይሸነፍ ነበር። አንድ የተለየ ጠባይ ግን ነበረው። ሲሸነፍ ደብተር ያወጣል። ቆርኪዎቹ የት የት እንደነበሩ፣ እሱ የቱን እንዳንቀሳቀሰ፣ የቱን ማንቀሳቀስ እንደነበረበት ይጽፋል። «ዱቤ የሚጽፍ ባለሱቅ ይመስል» እያልን እንስቅበት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የስደተኝነት ጉዳዩ አልቆለት ወደ ካናዳ ሄደ። አንድ ሰሞን ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ሁላችንም በስልክ እየተፈላለግን «ማን ወጣ? ማን ቀረ?» ስንባባል፣ ከመካከላችን ለአንዱ ፎቶግራፍ ደረሰው። የዳማው ጓደኛችን በአንድ ሕንፃ ፊት ቆሟል። ሕንፃው የእሱ መሥሪያ ቤት ነው። ክሊኒኮች የበሽተኛ ቀጠሮ የሚይዙበትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ከፍቶ፣ ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድር ሰው ሆኗል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያይበት አስተያየት ግን ያው የዳማው ነው።

ወሬው ሲሰማ ከመካከላችን ሦስት ዓይነት መልስ ወጣ። አንዱ ሳቀና «ይህን ሰው እኮ ስንት ጊዜ አሸንፈነዋል!» አለ። ሁለተኛው ዝም አለ። ሦስተኛው «ስልኩን አምጡ፣ ደብዳቤ እንጻፍለት፣ ይርዳን» አለ። ሦስቱም መልሶች ከልብ የወጡ ስለሆኑ ተራ በተራ ብንመለከታቸው ለልጆቻችንም ለእኛም ይጠቅማል ብለን አሰብን።

መጀመሪያ የሳቀውን እንውሰድ። እውነቱን ነው፤ አሸንፈነዋል። ነገር ግን ማሸነፍና ማደግ አንድ አይደሉም። ለዚህ በዓለም የታወቀ ምስክር አለ። በ1976 ለንደን ውስጥ የተወለደ ዴሚስ ሃሳቢስ የሚባል ሰው ነው። አባቱ ከቆጵሮስ ግሪኮች ወገን፣ እናቱ የሲንጋፖር ቻይናዊት ናቸው። ቼዝ የጀመረው በ4 ዓመቱ ነው፤ በ13 ዓመቱ የማስተር ደረጃ ደርሷል። ገና ልጅ ሳለ በሊክተንስታይን በተደረገ ውድድር ከአንድ የዴንማርክ ጎልማሳ ጋር ሰዓታት የፈጀ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ያለቀለት መስሎት እጁን ሰጠ። ተጋጣሚው እየሳቀ፣ እኩል ለእኩል የሚወጣበት መንገድ እንደነበረው አሳየው። ሃሳቢስ ራሱ እንደሚናገረው፣ በዚያ አዳራሽ የተሰበሰበው አእምሮ ሁሉ ለሌላ ትልቅ ጉዳይ ቢውል ምን ይሠራ ነበር ብሎ ማሰብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያስ ምን አደረገ? በ8 ዓመቱ ከቼዝ ባገኘው የሽልማት ገንዘብ የገዛው ኮምፒዩተር ነበረውና ፕሮግራም መጻፍን በዚያ ተማረ። ገና በ17 ዓመቱ፣ በ1994 የወጣውን ቲም ፓርክ የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1998 የራሱን የጨዋታ ድርጅት አቋቋመ፤ ያ ድርጅት በ2005 ተዘጋ። ድርጅቱ ሲዘጋበት እንደገና ተማሪ ሆኖ ስለ ሰው አንጎል አጠና። በ2010 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ዲፕማይንድን መሠረተ፤ በ2014 ጉግል ገዛው። በ2016 የዚህ ድርጅት ኮምፒዩተር፣ ጎ በሚባለው የእስያ ጨዋታ ታላቁን የኮሪያ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸነፈ። በ2024 ደግሞ ሃሳቢስ የፕሮቲኖችን ቅርጽ በኮምፒዩተር በመተንበይ ሥራው የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በዚያ የልጅነት ውድድር ቀን ግን አሸንፎ የሄደው የዴንማርኩ ሰው ነበር። የዕለቱ ውጤት የዕለቱ ብቻ ነው።

እኛ ባለሱቆች ይህን በራሳችን ቋንቋ እናውቀዋለን። ዱቤውን የማይጽፍ ባለሱቅ ስንት እንደጎደለበት ሳያውቅ ይዘጋል። የጻፈው ግን ቢጎድልበትም የት እንደጎደለ ያውቃል። የዳማው ጓደኛችን ሽንፈቱን እንደ ዱቤ ይጽፍ ነበር። እኛ ድላችንን የትም አልጻፍነውም፤ ስለዚህ ዛሬ ከድላችን የቀረን ሳቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዝም ያለው ነው። ይህ ዝምታ ከሳቁ ይልቅ ከባድ ነው። በውስጡ «እኔስ? አንድ ካርቶን ላይ አብረን ተቀምጠን አልነበረም እንዴ?» የሚል ጥያቄ አለ። ይህን ጥያቄ በልባችን ያልጠየቅን የለንም፤ ስለዚህ ሳንሸፋፍነው እንናገር።

በመጀመሪያ፣ መንገዱ ለሁሉ እኩል አልነበረም። ለንደን ያለ ልጅ በ8 ዓመቱ ኮምፒዩተር ሲገዛ፣ እኛ በዚያ ዕድሜያችን ኮምፒዩተር የሚለውን ቃል እንኳ አልሰማንም። ወደ ካርቱም ከመጣን በኋላም፣ አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ 2017 ቆየ። በእነዚያ 20 ዓመታት ካርቱም ተቀምጦ በቪዛ ወይም በማስተር ካርድ ከውጭ አገር ዕቃ መግዛት አይታሰብም ነበር፤ ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ለሱዳን ተጠቃሚ ዝግ ነበር። ጎበዝ ልጅ ቢኖር እንኳ በሩ ከውጭ ተቆልፎበት ነበር። ይህን የምንለው ራሳችንን ለማጽናናት አይደለም፤ ልጆቻችን አባቶቻቸውን በሰነፍነት እንዳይፈርዱባቸው ነው።

ሁለተኛ፣ በሩ ተቆልፎም ቢሆን ከእኛው አካባቢ የወጡ ሰዎች አሉ። ሱዳናዊው ሞ ኢብራሂም በ1998 ሴልቴልን አቋቁመው በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሞባይል ስልክ አስገቡ፤ ድርጅታቸው በ2005 በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በአዲስ አበባ ከሱዳናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ኖህ ሳማራ ወርልድስፔስን በ1990 መሥርተው፣ በ1998 አፍሪስታር የተባለችውን የሬዲዮ ሳተላይት ወደ ሰማይ አስመጠቁ። ድርጅቱ በ2008 ለኪሳራ ቢዳረግም፣ ከሁለቱ አገሮች ደም የተወለደ ልጅ ለአፍሪካ ሳተላይት ማሰቡ ቀርቶ ማምጠቁ የማይረሳ ነው። በመካከላችን አባታቸው ሱዳናዊ፣ እናታቸው ሐበሻ የሆኑ ልጆች አሉና ይህን ስም ይያዙት።

ለእኛ ለባለሱቆች ከሁሉ የሚቀርበን ግን የሐረሯ ልጅ ታሪክ ነው። በ1999 የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ 9 ዓመት ሲሞላት ለልደቷ የሚሆን ገንዘብ አባቷን ጠየቀች። አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ ያን ቀን ግን የሚሰጧት አልነበራቸውም። እሷም አላለቀሰችም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ለደንበኞች ሙዚቃ በስልካቸው ላይ እየጫነች፣ ቪዲዮ እያስተካከለች የልደቷን ገንዘብ አገኘች። ካደገች በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ ብዙ ልጆች ኮዲንግ የሚማሩበትን ፕሮግራም አስተባበረች። እንግዲህ ሱቅ ትንሽ ቦታ አይደለም። ልጅ እንዲነካ ከተፈቀደለት ሱቅም ትምህርት ቤት ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ይህ ነው። ዳማ ላይ አንዱ ካላጣ ሌላው አያገኝም፤ የእኔ ቆርኪ የሚቀነሰው የአንተ ሲበዛ ነው። ብዙ ዓመት በዚህ ገበታ ላይ ስለተቀመጥን ኑሮም እንደዚያ ይመስለናል። ኑሮ ግን እንደዚያ አይደለም። ጓደኛችን ካናዳ ውስጥ ያገኘው ነገር ከእኛ መደርደሪያ ላይ የተነሣ አይደለም። በሱቃችን ልጅ አሳድገናል፤ የታመመ አሳክመናል፤ የሞተ ወገናችንን አስከሬን ወደ አገሩ ልከናል፤ ዱቤ ሰጥተን ቤተሰብ ከረሃብ አውጥተናል። የእሱ ሕንፃ ይህን አያሳንሰውም። ዝም ያለው ወንድማችን እንዲህ አስቦ አንገቱን ቀና ያድርግ እንላለን።

ወደ ሦስተኛው መልስ እንሂድ፤ «ይጻፍለት፣ ይርዳን» ወዳለው። በችግር ጊዜ ወገንን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከጦርነቱ ወዲህ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች አሉን። ሆኖም ሠላሳ ዓመት ድምፁን ላልሰማነው ሰው የመጀመሪያው ቃላችን «ገንዘብ ላክ» ከሆነ፣ ጓደኛ ሳይሆን ባንክ አገኘን ማለት ነው። ለገንዘቡ ጉዳይ ማኅበሩ አለ፤ በማኅበሩ ስም፣ በደረሰኝ ይጠየቅ። ለእሱ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን የተጋጣሚ ደብዳቤ ይሁን። የምንጠይቀውም ከገንዘብ ይልቅ በሌላ ቦታ የማናገኘውን ይሁን፤ ይኸውም በወር አንድ ሰዓት ከልጆቻችን ጋር በስልክ እንዲነጋገር ነው። ምን ተማረ? ስንት ጊዜ ወደቀ? ሥራ ሲቀጥር ከአመልካቹ ምን ያያል? ይህን ከእሱ አፍ ይስሙት።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ምስክር እንጥራ። ዴኒስ ፎንግ በሆንግ ኮንግ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። በ1997 ኩዌክ በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውድድር አንደኛ ወጥቶ፣ የጨዋታው ሠሪ የጆን ካርማክን የራሱን ፌራሪ መኪና ተሸለመ። ይህ ለወጣቶቻችን ትልቅ ወሬ ነው። ከመኪናው የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ፎንግ ከባልደረቦቹ ጋር ኤክስፋየር የተባለ ፕሮግራም አቋቋመ። የፕሮግራሙ ዋና ጥቅም ተጫዋቾች ጓደኞቻቸው በየትኛው ጨዋታ ላይ እንዳሉ እያዩ እንዲገናኙ ማድረግ ነበር። ቪያኮም የተባለው ድርጅት በ2006 በ102 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ልብ በሉ፣ ይህን ያህል ዋጋ ያወጣው የተጫዋቾች መፈላለግ ነው። እኛ ደግሞ ተጋጣሚዎቻችን በአራቱም ማዕዘን ተበትነው፣ የስንቱን አድራሻ እንኳ አልያዝንም።

ስለ ልጆቻችን ስልክም ሁለት ቃል እንበል። ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የገበጣ ዓይነቶች ሲመዘግቡ ከ100 በላይ ሆነው አግኝተዋል። በጥንቱ ሰንጠረዣችን ሁለቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪወስድ ድረስ ያለው ይህ ጊዜ ወረራ ይባላል። እጅህ የራስህን ሲያንቀሳቅስ ዓይንህ የሰውየውን እጅ መከተል አለበት ማለት ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ለስልክ ጨዋታ ይሠራል፤ ኩኩሉ በተባለው ጨዋታቸው ላይ የምትሮጠው ዶሮ ነች፤ የምትሸሸውም ከወጥ ድስት ነው። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውታል። የሚሠሩት ሲጫወቱ ያደጉ የአገራችን ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ስልኩን ነጥቃችሁ አትስበሩት፤ «ሚሊየነር ይሆንልኛል» ብላችሁም ሌሊቱን ሙሉ አትተዉለት። ከሚጫወቱት እልፍ ልጆች እንደ ፎንግ የሚሆነው ከስንት አንድ ነው። ገንዘብ የሚያስይዝ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ በፍጹም ከልክሉ፤ ያ ጨዋታ ሳይሆን ቁማር ነው። ከዚያ ውጭ ግን አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ። ልጁ ሲሸነፍ ምን ያደርጋል? ስልኩን ይወረውራል? ተጋጣሚውን ይሳደባል? ወይስ «የት ላይ ሳትኩ?» ይላል? ሦስተኛውን የሚል ልጅ ካላችሁ፣ ጨዋታው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው ሰው ፈልጉለት።

እንግዲህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. ማኅበራችን የስም መዝገብ ይክፈት። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዴም፣ በጅሬፍ፣ በሰሐፋ፣ በኦምዱርማን አብረውት የኖሩትን ሰዎች ስምና ዛሬ ያሉበትን አገር ያስመዝግብ። መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ይጠበቅ፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለማንም አይሰጥ።

2ኛ. አምስት ቤተሰብ በተገኘበት ከተማ ሁሉ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ዳማ፣ ቼዝና ገበጣ ለልጆች ይዘጋጅ። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ልጅ ሁለተኛ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የተሸነፈበትን ምክንያት በደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። ያሸነፈውም ተጋጣሚው የት ላይ የተሻለ መጫወት ይችል እንደነበር ያሳየዋል፤ ሳይስቅበት።

3ኛ. በኮምፒዩተር ሙያ የተሰማሩ የቀድሞ የካርቱም ልጆች ሁሉ በወር አንድ ሰዓት እንዲሰጡን በማኅበሩ ስም ይጻፍላቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለዳማው ጓደኛችን ነው። ረቂቁ በእጃችን አለ፤ ጉባኤው ከፈቀደ በዚህ ሳምንት ይላካል።

የደብተሩንና የእስክሪብቶውን ወጪ እኛ ባለሱቆች እንችላለን። ገበታውን ለመግዛት አቅም ያነሰው ካለ፣ ካርቶንና ቆርኪ ከሱቃችን በነፃ ይወስዳል።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ከፊታችሁ የተቀመጠው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቁም። እሱም እናንተ ምን እንደምትሆኑ አያውቅም። ስትለያዩ ስሙንና አድራሻውን ሳትይዙ አትለያዩ።

ለተበተነው መሰብሰብን፣ ለሁለቱም አገሮች ሰላምን እንመኛለን። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!